ክረምት የማይሞትበት የምርጫ ክልል

የአገር ታሪክ በነገሥታት ይጻፋል፤ የምርጫ ክልል ታሪክ ደግሞ በተመራጮች መጻፍ ነበረበት። ባለመጻፉ ትውልድ ሲጎዳ ኖሯል። ይህን ክፍተት ለመሙላት፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ተነሥቶ በየካ ሚካኤል አድርጎ ወደ መገናኛ የሚወርደውን የምርጫ ክልላችንን ታሪክ፣ ያለ አድልዎና ያለ በጀት፣ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ እንደሚከተለው አቅርበናል።

ክልላችን ለሁለት የተከፈለ ነው። የከፈለው ፖለቲካ አይደለም፤ ወንዝ ነው። ወዲህ ያለው ሰፈር አስፋልት፣ ታክሲ፣ ቀበሌና ቤተ ክርስቲያን አለው። ማዶ ያለው ሰፈር ደግሞ እይታ አለው፤ ወዲህ ያለውን አስፋልት፣ ታክሲ፣ ቀበሌና ቤተ ክርስቲያን ቁልጭ አድርጎ ያያል። ወንዙ በበጋ ዶሮ የምትሻገረው ነው። ክረምት ሲገባ ግን ከእንጦጦ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ሲወርድ በሬም አይደፍረው። ዙሪያውን ልሂድ የሚል ሰው ተራራውን ወጥቶ፣ በባሕር ዛፉ መሃል ግማሽ ቀን ጭቃ ሲያቦካ ይውላል።

እዚህ ላይ የሕግ ሊቃውንት ያላስተዋሉት አንድ ጥልቅ ነገር አለ። ምክር ቤቱ የሚሠራው በበጋ ነው። ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል፤ ተመራጭም ወርዶ መራጩን የሚያወያየው ያኔ ነው። ስለዚህ ወንዙ ሲጎድል ተመራጩ የለም፤ ተመራጩ ሲመጣ ወንዙ ሞልቷል። ሁለቱ በሥልጣን ክፍፍል መርህ ተከባብረው ኖረዋል።

በማዶ ሰፈር እማማ ዲንቄ የሚባሉ ሴት አሉ። ባላቸው አቶ ዋቅቶላ የካ ሚካኤል ነው የተቀበሩት። ጥር ላይ ስለሞቱ በሰላም ተሻገሩ። ጎረቤታቸው ወርቄ ግን ሳታስብበት ነሐሴ ላይ ሞተች። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ሬሳው በገመድ ተሳበ፤ አልቃሹ ማዶ ቀረ። ወዲህ ቄሱ ፍትሐቱን ሲጨርሱ በነጠላ ጫፍ ምልክት ሰጡ፤ ማዶ ያለው ሕዝብ ምልክቱን አይቶ ደረቱን መታ። እማማ ዲንቄ ይህንን ሁሉ ቆመው አዩ። ያን ጊዜ ሰባ ዓመታቸው ነበር። ወዲያው የዕድሩን ዳኛ አቶ በዳዳን አስጠሩ።

«በዳዳ፣ ጻፍ። እኔ እንደ እንጨት በገመድ አልሳብም። በሰው ትከሻ፣ አልቃሽ ተከትሎኝ፣ ከዋቅቶላ ጎን ነው የምገባው። ድልድይ እስኪሠራ ድረስ ክረምት አልሞትም።»

«እማማ፣ ሞት እንዲህ ያለ ነገር ይሰማል እንዴ?»

«ሲመጣ አናግረዋለሁ።»

ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። እማማ የተከበሩ ሴት ስለሆኑ ማንም ሊቀድማቸው አልደፈረም፤ ቀስ በቀስም በማዶ ሰፈር ክረምት መሞት ነውር ሆነ። የታመመም ቢሆን ሐምሌና ነሐሴን እንደምንም ብሎ ያሳልፍና፣ መስቀል ሲያልፍ ፈቃድ እንዳገኘ ሰው ዕረፍት ይወጣ ጀመር።

የመጀመሪያው ተመራጫችን አቶ ጉደታ ናቸው። በ1988 ሐምሌ ላይ የድምፅ ማጉያ ይዘው ወንዙ አፋፍ ድረስ መጡ። ማጉያው አንድ ስለነበረ ተመራጩ ይሰማሉ፤ ማዶ ያለው ሕዝብ አይሰማም። ይህ የሆነው ወንዝ ባለበት ቦታ ሁሉ ሳይሆን፣ ተመራጭና መራጭ ባሉበት ቦታ ሁሉ መሆኑን በኋላ ተረድተናል። አቶ ጉደታ ስለ ሰላም፣ ስለ ልማትና ስለ ዴሞክራሲ ለአንድ ሰዓት ተናገሩ። ማዶ ያለው ሕዝብ ሁለት እጁን አንሥቶ ያለማቋረጥ አውለበለበ። ጸሐፊው «ሕዝቡ ድጋፉን በከፍተኛ ስሜት ገለጸ» ብሎ ጻፈ። ሕዝቡ ግን የሚለው «የቆሙበት አፈር ተቦርቡሯል፣ ወደ ኋላ በሉ!» ነበር። አቶ ጉደታ ሦስተኛው ነጥብ ላይ እንደደረሱ እስከ ወገባቸው ወደ ክልላቸው ገቡ።

ጭቃው ውስጥ እንዳሉ ከማዶ የአቶ በዳዳ ጉሮሮ ተሰማ። ዕድሩ የመረጣቸው ለዚሁ ጉሮሮ ነው።

«እማማ ዲንቄ ይጠይቃሉ! ልሙት ወይስ ልጠብቅ?»

«ይጠብቁ!» አሉ አቶ ጉደታ ከጭቃው። «ድልድዩ በዕቅድ ተይዟል!»

እማማ ጠበቁ። አቶ ጉደታም አራት ዓመት ሙሉ ዕቅዱን እንደያዙት ወረዱ፤ አልለቀቁትም።

በ1992 የተመረጡት አቶ ሕሩይ የተማሩ ሰው ናቸው። የተማረ ሰው አይቸኩልም። «ድልድይ ከመሥራታችን በፊት ወንዙ መኖሩን በሳይንስ ማረጋገጥ አለብን» ብለው ባለሙያ አመጡ። ባለሙያው ሐምሌ ላይ ሲለካ ወንዙ ሃያ ክንድ ሆነ፤ ጥር ላይ ሲለካ ወንዝ የለም። ሦስት ዓመት ከፈጀ በኋላ አርባ ሁለት ገጽ ጥናት ቀረበ። የጥናቱ ግኝት አጭር ነው፤ ዓመታዊው አማካይ ሲሰላ ቦታው የሚፈልገው ግማሽ ድልድይ ነው። አቶ ሕሩይ ግኝቱን በማጉያው ካነበቡ በኋላ አስተያየት እንዲሰጥበት ጠየቁ።

«እማማ ይጠይቃሉ!» አሉ አቶ በዳዳ። «ግማሹን ከወዲህ ነው የምትሠሩት ወይስ ከወዲያ?»

«እሱ በሁለተኛው ዙር ጥናት ይመለሳል!»

«ይሙቱ ወይስ ይጠብቁ?»

«በመርህ ደረጃ… ይጠብቁ!»

እማማም ሰማኒያን ባለፉበት ዓመት ምርጫ 97 መጣ። ግንቦት ስለነበረ ማዶ ያለውም ሕዝብ ተሻግሮ፣ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ መረጠ። የተመረጡት ሰው ግን ወንበራቸው ላይ አልተቀመጡም። ለምን እንዳልተቀመጡ አገር ያውቀዋል፤ የማያውቅ ካለ አሁን ማወቁ ምንም አይጠቅመውም። የክልላችን ወንበር ባዶ ሆነ።

ይህ ባዶ ወንበር በታሪካችን ወደር የሌለው ተመራጭ ነው። ስብሰባ ላይ አላንቀላፋም። እጁን ያለቦታው አላወጣም። ቃል አልገባም፤ ያልገባውንም ቃል አላጠፈም። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ሐምሌ ላይ አልመጣም። በ1998 መጋቢት ላይ እማማ ዲንቄ አቶ በዳዳን ጠሯቸው።

«ዘንድሮስ የሚመጣው ማን ነው?»

«ማንም የለም፣ እማማ።»

«ማንም?»

«ወንበሩ ባዶ ነው ይላሉ።»

«እንግዲያው የምንጠብቀው ማንን ነው?»

በአሥር ዓመት ውስጥ ይህንን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም። አቶ በዳዳ ለዕድሩ አቀረቡት፤ ዕድሩም መልስ ሲያጣ ሥራ ጀመረ። ሾላ ገበያ እህል የሚነግዱት አቶ ሁሴን ከፈረሰ መጋዘናቸው ሁለት ወፋፍራም የብረት ተሸካሚ ሰጡ። የሚካኤል ሰበካ ድንጋይ አመጣ። የጸሎት ቤቱ ምእመናን ሳንቃ አመጡ፤ መዝሙሩንም ጨመሩበት። ጥናት የሚባል አልነበረም። አቶ ሁሴን ብረቱን ከዳር እስከ ዳር አጋደሙትና «ደረሰ?» አሉ። «ደረሰ» ተባለ። ጥናቱ ይኸው ነው። በሦስት ሳምንት ሙሉ ድልድይ ቆመ። ግማሽ አይደለም፤ ሙሉ።

ይህ ከባድ የአሠራር ጥሰት ነበር። ወሬው እንደተሰማ ስሙን ከማንጠቅሰው ጽሕፈት ቤት ሁለት ሰዎች ቀለም ይዘው መጡ፤ ድልድዩ ግንባር ላይ ቀይ ምልክት አደረጉበት። ካርታ የለውም። ፈቃድ የለውም። በማንም ዕቅድ ውስጥ ስላልነበረ፣ በአሠራር ዓይን ሲታይ የለም። የሌለውን ነገር ለማፍረስ ግን ጥናት ያስፈልጋልና፣ ድልድዩ ሁለት ዓመት ምልክቱን እንደያዘ ሰው ሲያሻግር ቆየ።

«አሁንማ እፎይ ይላሉ፣ እማማ» አሉ አቶ በዳዳ።

«ምኑን? ነገ ሬሳዬን ይዛችሁ ስትገቡ፣ ሕገወጥ ነው ተመለሱ ብትባሉስ? መሃል ላይ ልታስቀሩኝ ነው? ወረቀቱ ይምጣ።»

በ2000 ዓ.ም. የማሟያ ምርጫ ተደረገና ወይዘሮ አባይነሽ ተመረጡ። እሳቸውም እንደ ወጉ ሐምሌ ላይ መጡ። ከበፊቶቹ የሚለዩት፣ በታሪካችን ማዶ ሰፈርን የረገጡ የመጀመሪያዋ ተመራጭ በመሆናቸው ነው። የመጡት ሕገወጥ ግንባታን በተመለከተ ለሕዝቡ ግንዛቤ ለማስጨበጥ ነበር። የተሻገሩት በድልድዩ ነው።

«ይህ ድልድይ» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ ማዶ ቆመው፣ «በርካታ ክፍተቶች አሉበት። ማንም ሰው ሊጠቀምበት አይገባም። ሕግ ይከበር ስንል ከራሳችን እንጀምር!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ግንዛቤው በደንብ ተጨበጠ። ንግግሩ ሳያልቅ ግን እንጦጦ ጠቆረ። ሰማዩ ተቀደደ፤ ብዙም ሳይቆይ ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። ወዲህ ያለው ሾፌራቸው ጡሩምባ ይነፋል። የቢሮ ባለሙያቸው ፊልሞና ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ «ይምጡ እንጂ!» ትላለች። ወይዘሮ አባይነሽ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ድልድዩ ሮጡ። አፉ ላይ እማማ ዲንቄ ጃንጥላ ዘርግተው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ያሳልፉኝ።»

«በየት በኩል፣ ልጄ?»

«በድልድዩ ነዋ!»

«የቱ ድልድይ? ይሄማ ማንም እንዳይጠቀምበት አንቺው አሁን ነገርሽን።»

«እሱ በመርህ ደረጃ ነው። አሁን ግን አስቸኳይ…»

«የሕዝብ እንደራሴ ሕገወጥ ነገር ላይ ስትሄድ ሰው ቢያይ ምን ይላል? ስምሽን ብዬ ነው። ያቺ ልጅ ደግሞ ካሜራ ይዛለች።»

ወይዘሮ አባይነሽ ወደ አቶ በዳዳ ዞሩ። «ሌላ መንገድ የለም?»

«አለ፣ ክብርት። በእንጦጦ በኩል ግማሽ ቀን ነው። ጅቡም ቢሆን ሰው አክባሪ ነው፤ አስቀድሞ ይጮሃል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሕጋዊ አድርጊዋ» አሉ እማማ። «ሁለት መስመር ነው። በዳዳ ወረቀት ይዟል።»

ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተዘጋጅቶ ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ይህ ድልድይ ሕጋዊ ነው። ሕያዋንም ሙታንም ያለ ከልካይ ይተላለፉበት።» ወይዘሮ አባይነሽ አነበቡና እስክሪብቶ ይዘው ቀሩ።

«እኔ እኮ ብፈርም ዋጋ የለውም። ማኅተሙ ቢሮ ነው።»

«ቢሮው የት ነው?»

«ወዲያ።»

«ችግር የለም» አሉ አቶ በዳዳ፣ ከኮታቸው ኪስ የዕድሩን ማኅተም እያወጡ። «ፊርማው የእርስዎ ይሁን፤ ማኅተሙን እኛ እንችላለን።»

ተፈረመ፤ ማኅተምም አረፈበት። የሕዝብ እንደራሴ ያወጣችው ሕግ በዕድር ማኅተም ሲጸና ይህ የመጀመሪያው ይመስለናል። እማማ በርጩማቸውን አነሡ። ወይዘሮ አባይነሽም በመጡበት ጎዳና ሳይሆን በሕጋዊ ጎዳና ተመለሱ። መሃል ላይ ሲደርሱ ፊልሞና ፎቶ አነሣቻቸው። በሳምንቱ ያ ፎቶ ቢሮ ውስጥ ተሰቀለ፤ ሥሩ «ክብርት ተመራጭ በራሳቸው ያላሰለሰ ጥረት ያስገነቡትን ድልድይ ሲመርቁ» የሚል ተጽፎበታል። ቀዩ ምልክት ላይ ሪባን ታሰረና ተቆረጠ። አቶ ሁሴንም ለምረቃው ተጠርተው ስለ ሕዝብ ተሳትፎ አስፈላጊነት ትምህርት ተሰጣቸው።

ታሪካችን እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ሥራ ግን ያለ ሪፖርት አያልቅም። በቅጹ ላይ «የፕሮጀክቱ ዓላማ» የሚል ቦታ ስላለ፣ በወረቀቱ መሠረት «በክረምት የሚፈጸም ቀብርን ማሳለጥ» ተብሎ ተሞላ። ቀጥሎ «ዕቅድ» ይላል፤ አራት ተባለ። ቀጥሎ «ክንውን» ይላል። እዚህ ላይ ሐምሌ ዜሮ ሆነ። ነሐሴም ዜሮ። የ2001 ክረምት ሲገባም ዜሮ። የማዶ ሰፈር ሕዝብ ካደገበት ባህል ሊላቀቅ አልቻለም። ክፍለ ከተማው ውስጥ ድልድዩ «አፈጻጸሙ የወረደ» በሚል በቀይ ተሰመረበት።

ስለዚህ ፊልሞና በየወሩ መጨረሻ ቅጿን ይዛ፣ ድልድዩን ተሻግራ፣ እማማ ዲንቄ ደጅ ትመጣለች። በነሐሴ ማለቂያ በመጣችበት ቀን አቶ በዳዳም ነበሩ።

«እማማ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ተመስገን። ደህና ነኝ።»

ፊልሞና ተነፈሰች። «ምንም የሚሰማዎት ነገር የለም? ጉንፋን እንኳ?»

«ኧረ የለም።»

«ማለቴ… እንዲያው አይበሉብኝና፣ መንገዱ ከተከፈተ ዓመት አለፈው። ወረቀቱም አለ። ጠይቀው የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

«ልክ ነሽ፣ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የሚጻፈውን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ተምረሻል።»

ፊልሞና አሰበችና «በተጠቃሚዋ በኩል የተነሣሽነት ማነስ ታይቷል» ብላ ጻፈች። ቅጿን አጥፋ ተነሣችና፣ በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች።

«እማማ ይሙቱ፣ ቢያንስ ቀን ይቁረጡልኝ። ክብርት አባይነሽ ተጨንቀዋል። ምርጫ በመጪው ግንቦት ነው።»

እማማ ዲንቄ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

«አይዞሽ፣ ልጄ። ምርጫው ሲቃረብ ነይ፤ ያኔ ቃል እገባልሻለሁ።»