በወንበሬ ላይ የተቀመጠው በርሜል

የበደለኝ ሰው ሀብታሙ ይባላል። የእህቴ ልጅ ነው፤ አውሮፕላን ነጂ። ዘመድ ካልሆነ ደግሞ ማን ደርሶ ይበድላል? ባዳ እኮ ለመበደል እንኳ የሚበቃ ቅርበት የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚሠራበት ድርጅት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሸጠ፤ ገዢው ከቀይ ባሕር ማዶ ነው። አውሮፕላን እንደ ፍየል ከኋላ አይነዳም፤ አንድ ሰው ተቀምጦባት ባሕሩን አሻግሮ ማስረከብ አለበት። ያ ሰው ሀብታሙ ሆነ። ከጎኑ አንድ ወንበር አለች። ገና ጥርሱን ሲነቅል ጀምሮ አንድ ቀን አበርርሻለሁ ይለኝ ነበርና፣ ደውሎ፣ እቴቴ፣ ወንበሯ የእርስዎ ናት፣ መመለሻዎ በትልቁ አውሮፕላን ነው አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሰቆጣ ውስጥ ይህን ያልሰማ ጆሮ ካለ የደንቆሮ ነው።

እኔ ባሕር አላየሁም። የማውቀው ትልቅ ውሃ ተከዜ ተገድቦ አበርገሌ ላይ የተኛውን ነው፤ እሱም ማዶው ይታያል። ማዶው የማይታይ ውሃ እንዴት ያለ ነው? ከላይ ሲያዩትስ ይተነፍሳል ወይስ ዝም ብሎ ይተኛል? ይህን ሳላውቅ መቃብር መግባት አልፈለግኩም።

እናም እየደወልኩ ጠየቅኩት። ሞተሯ ስንት ነው? አንድ። እሱ ቢቆምስ? እንደ ጆፌ አሞራ ክንፏን ዘርግታ ቀስ እያለች ትወርዳለች አለኝ። የት? ውሃው ላይ። ለዚያም ሲነፋ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ አለ። ሰደርያው ከነጠላዬ በላይ ነው ወይስ በታች ብዬ ብጠይቀው፣ ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም አለ። ደግሞ ከባሕሩ መሀል የሚታሰብ ቦታ አለ አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ችግር ከመጣ ወደ ኋላ መመለስ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ግን ወደ ፊት ነው የሚቀርበው። ይህን ነገር ከሁሉ ወደድኩት። የእኛው አገር ዝቋላ ገበያ በእግሬ ስመላለስ እንዲህ ያለ ቦታ ነበረኝ፤ እዚያ ላይ ትልቅ ዋርካ አለ። ባሕር ላይስ ምን ምልክት አለው? ምንም፣ በሰዓት ነው የምናውቀው አለኝ። ድንበሩስ? እሱን ስናልፍ በሬዲዮ ነው የምንናገረው አለኝ። ሽንትስ? ከመነሳታችን በፊት አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን የተማረው ለዚህ መልስ ነው?

ታዲያ አንድ ቀን እሱ በተራው ጠየቀኝ። እቴቴ፣ ክብደትዎ ስንት ነው?

ይህ የሚጠየቅ ነገር ነው? እኛ አገር ሰው የሚመዘነው ሲከሳ ነው። ሚዛን ይዘው የሚመጡት የእርዳታ ሰዎች ናቸው፤ ቀልሎ የተገኘ ዘይትና ዱቄት ይሰፈርለታል፣ ጎረቤትም አንገቱን እየነቀነቀ ያየዋል። እኔ በዚያ ሁሉ ድርቅ መሀል እንኳ ቀለለች ተብዬ አላውቅም። ደግሞስ አክስቱ አንድ ፍሬ ናት ይበሉብኝ?

ወደ ሙላው ወፍጮ ቤት ሄድኩ። የእህል ሚዛን አለው። የባሌን ካፖርት ለብሼ፣ በላዩ ሁለት ጋቢ ደርቤ ነበር፤ ጨዋ ሴት አደባባይ ስትወጣ ይህ ያንስባታል እንጂ አይበዛባትም። ሚዛኑ ላይ ስወጣ የማስፈጨውን ማሽላ ከጀርባዬ አላወረድኩም። ሙላው፣ እማማ፣ እህሉን ያውርዱት እንጂ አለኝ። እነዚህ ሁሉ ሴቶች ቆመው እህሌን መሬት ላይ ልተው? ያየኸውን አንብብ አልኩት። አነበበ። ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አንዲቷ ከሰሃላ ወረዳ የመጣች ሴት፣ እናቴ፣ ምን እየበሉ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ቁጥሩን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ለሀብታሙ ግን በኩራት ነገርኩት።

ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ፣ እቴቴ፣ እንግዲያ አልሆነም አለኝ። ማዶው አየሩ ተበላሽቶ ቢጠብቀን የምንመለስበት ነዳጅ መያዝ አለብን፤ እርስዎንና ነዳጁን አንድ ላይ አታነሳም። ወንበሯን ነቅለን የነዳጅ በርሜል እናስራለን።

በእኔ ቦታ በርሜል። በርሜሉ ያጫውትሃል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ አያጫውተኝም፣ ግን እየሄድን በሄድን ቁጥር ይቀልልልኛል፣ እርስዎ ግን አይቀሉም አለኝ። ይህንን ለእኔ፤ ያውም በእጄ አጉርሼ ያሳደግኩት ልጅ። ካፖርቱንና ማሽላውን ሊጠይቀኝ አይገባም ነበር? ነጂ አይደለም እንዴ? ወንበሯ ነገ ትነቀላለች ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። ሴቶቹም ነበሩ፤ የሰሃላዋም ጭምር። ማሽላ አልያዝኩም። ካፖርቱን አወለቅኩ፣ ጋቢዎቹን አጥፌ ለሰሃላዋ አስያዝኳት፣ ጫማዬንም አወለቅኩ፤ በቀሚሴ ብቻ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ማንም አልሳቀም። ያ ከሳቅ ይከፋል። ሙላው ቁጥሩን አየና ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። ለሀብታሙ ደውል አልኩት። ደወለ፤ ለእኔ አዝኖ እጁን አፉ ላይ ጋርዶ በሹክሹክታ ሊነግረው ጀመረ።

እጅህን አውርድና ጮክ በል አልኩት፤ ባሕር ለሚያሻግረኝ ሰው ነው የምትናገረው።