አንዲት ነጥብ ሳትጎድል የተገለበጠች ሂና

ወገኖቼ፣ በዚህ ዓለም ላይ የማይኮርጅ ሰው የለም! "አለ" የሚል ካለም እሱንም ከሌላ ሰው ሰምቶ ነው። ልዩነቱ ስሙ ላይ ነው። ተማሪ ሲያደርገው "ኮረጀ" ይባልና ወረቀቱን ይነጠቃል። ጸሐፊ ሲያደርገው "ገለበጠ" ይባላል፣ ዘፋኝ ሲያደርገው "ዜማውን አሻሻለ"፣ ነጋዴ ሲያደርገው "አንደኛ ኦርጅናል!" ባለሥልጣን ሲያደርገውማ... አበል ይቆረጥለትና በአውሮፕላን ተሳፍሮ "የልምድ ልውውጥ" ነው! ሙሽራ ስታደርገው ምን እንደሚባል ግን ማንም አልነገረኝም። እኔ ልንገራችሁ፤ "ጉድ" ይባላል።

ሙሽራዋ እኔ ነኝ። እዚሁ ጅግጅጋ ተወልጄ ያደግሁ፣ ሽቶና ቅባት የምሸጥ ልጅ ነኝ። ሙሽራው ሚኪያስ ደግሞ ለሥራ ከአዲስ አበባ መጥቶ በዚያው የቀረ ነው። ታዲያ እናቱ እማማ ፋንታዬ "ከዚህ ሁሉ የአዲሳባ ልጅ በረሃ ወርደህ አገባህ?" ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ማን ነገረሽ እንዳትሉኝ! ወሬ እግር የለውም ግን ካራማራን ተሻግሮ ሱቄ ድረስ መጣልኝ። እኔም እልህ ያዘኝ። ለሠርጉ ሲመጡ እጄን ይዘው አፋቸውን ካልከፈቱ እኔ አይደለሁም አልኩ።

እጅ ሲባል በእኛ ከተማ ሂና ነው። ሂና ሲባል ደግሞ ሳህራ ናት። ሳህራ ልጅነቷን ቁርዓን ቤት፣ ወጣትነቷን የዓረብ አገር ዕቃ በመሸጥ ያሳለፈች፣ አሁን የከተማውን ሙሽሮች የምታስጌጥ ወዳጄ ናት። ስልኬን ከፍቼ አንዲት የዱባይ ሙሽራ ፎቶ አሳየኋት። አበባው፣ ቅጠሉ፣ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ የሚጠማዘዘው ሐረግ... ወይ ማማር!

"ይሄን ገልብጪልኝ!"

ሳህራ ፎቶውን አየች፤ እኔን አየች። "አባዮ፣ ይሄን የመሃሉን ልተወው?" አባዮ ማለት በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው፤ በክፉ ቀን የምትጠራኝ በሱ ነው።

"አንዲት ነጥብ እንዳታጎድዪ!"

"ግን እኮ ይሄ..."

"ሳህራ! ኮፒ ነው ያልኩሽ! ማሻሻል የለም!"

"ሀዬ" አለች። እሺ ማለቷ ነው። ሂናዋን አንስታ መሳል ጀመረች። ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ ነበር... እኔ ብርድ መስሎኝ መስኮት ዘጋሁላት!

ደርቆ ተራግፎ ሲያልቅ እጄን ወደ ብርሃን አነሳሁት። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

"እንዴት ነው?" አልኳት።

"ቆንጆ ነው ወላሂ። ግን አባዮ፣ ለሠርግሽ ማስታወቂያ ለምን ፈለግሽ?"

"የምን ማስታወቂያ?"

"ይሄ ሐረግ አይደለም እኮ፣ ዓረብኛ ነው። ፎቶውን የለጠፈው የውበት ሳሎን የጻፈው ነው። 'ልዩ ቅናሽ! ለጥቂት ቀን ብቻ!' ይላል።"

አያችሁልኝ? ሶማሊኛውን እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ፤ የዓረብኛ ፊደል ግን ለእኔ ቅጠል ነው። ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቃላችሁ፤ እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ዓረብኛ አንባቢ ጋር ውዬ አንድ ፊደል አልተማርኩም! አማቼ ቀድሞውንም ርካሽ ዕቃ ገዛህ ባይ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ቅናሹን ክንዴ ላይ ጽፌ ልቀበላቸው ነው።

ወደ ኩሽና በረርኩ። ሎሚ ቆርጬ እስኪያቃጥለኝ አሸሁት። ጭራሽ ደም መሰለ!

"እንዴ! ሎሚ እኮ እንዲደምቅ የምንቀባው ነው!" አለች ሳህራ። አሁን በግልጽ ነው የምትስቀው። እኔ ደግሞ አለቀስኩ። የምሬን ነው፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በማግስቱ እማማ ፋንታዬ መጡ። ሚኪያስ ከጎኔ ቆሟል፤ ነግሬዋለሁ፣ እሱም ላብ በላብ ሆኗል። እጄን ከነጠላዬ ውስጥ ብሸሽገውም ሴትዮዋ ጎትተው አወጡት። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት።

"ይሄ ጽሑፍ ነው?"

"ምርቃት ነው!" አለ ሚኪያስ፣ ማን ጠየቀህ ሳይባል።

"ምን የሚል ምርቃት?"

"እ... 'ሸክማችሁን ይቀንስላችሁ' የሚል።"

ጽሑፉን በጣታቸው ተከተሉት። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ከዚያ እንባ አቅርረው ክንዴን ሳሙት! "አሜን! ምርቃት ከየትም ቢመጣ አሜን ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ምን ትሆናለህ እያልኩ ስሰጋ... ለእኔም ይጻፍልኝ!"

ሳህራ ተጠራች። በጆሮዋ "እባክሽ እውነተኛ ምርቃት ጻፊላቸው" ብዬ ለመንኳት። ግን እማማ ፋንታዬ ክንዴን ከክንዳቸው ጎን አጋድመው እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ አፍጥጠዋል። "ልጄ፣ አንዲት ነጥብ እንዳታጎድዪ!"

ሳህራ አየችኝ። "ሀዬ" አለች።

የሠርጉን ቀን አታንሱብኝ! የጨርቅ ነጋዴው፣ የወርቅ ነጋዴው፣ ሚስቶቻቸው... "እንኳን ደስ አላችሁ" ብለው የእኔን እጅ ይጨብጣሉ፤ ዓይናቸው ክንዴ ላይ ያርፋል፤ ፈገግ ይላሉ። ፈገግታቸውን እንደምንም ውጠው ወደ አማቼ ያልፋሉ፤ እዚያ ሁለተኛው ቅናሽ ይጠብቃቸዋል። በቃ፣ ከት! እማማ ፋንታዬም አብረው ይስቃሉ። "እንዴት ያለ ደስተኛ ሕዝብ ነው!" ብለው እስክስታ ወረዱ። ሲመለሱ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው "ልጄ" አሉኝ። ያቺን ቃል ስሰማ ሂናውን ረሳሁት።

ከሳምንት በኋላ ከአዲስ አበባ ደወሉ።

"አንቺ ልጅ! ይሄ ምርቃት ይሠራል!"

"እንዴት እማማ?"

"መርካቶ መጋረጃ ልገዛ ገባሁልሽ። ነጋዴው እጄን አየና ሲስቅ ሲስቅ... 'ማዘር፣ እንዲህ ተዘጋጅተው ከመጡማ ምን አቅም አለኝ' ብሎ ሳልከራከረው ቀነሰልኝ! ከጎኑ ያለውም እንደዚያው! ሸክምሽን ይቀንስልሽ ማለት ይሄ አይደል?"

"ነው... ነው እማማ።"

"ችግሩ፣ ሂናው እየለቀቀብኝ ነው። የእድሬ ሴቶችም ቀንተዋል፤ ሁላችንም ተሰብስበን ልንመጣ ነው። ልጅቷን ንገሪልኝ።"

ሮጬ ለሳህራ ነገርኳት። ስቃ የምትሞት መስሎኝ ነበር። እሷ እቴ! ለአፍታ አሰበችና፦

"ሀዬ። ብዙ ከሆኑ እኔም ቅናሽ አደርጋለሁ።"