በሳፋ የተገመተው ሳጥን

አዳማ ላይ ዋጋ የማይገምት ሰው አለ? እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። እንግዳ ቤታችሁ ይገባል፤ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ ሶፋው ላይ ያርፋል፤ በስንት ገዛችሁት ይላችኋል። ብትነግሩት ተበልታችኋል ይላል። የኛን ሳጥን የገመተ እንግዳ ግን አልነበረም። ምን እንደሆነ ማን አውቆ?

ሳጥን የምንለው የባሌ አባት ከወንጂ ያመጡትን ነው። ጋሽ ታደሰ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የስኳር ፋብሪካው ፈረንጆች ወንጂ በነበሩበት ዘመን የአንዳቸው አትክልተኛ ነበሩ። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ ይህን ውሰድ ብሎ ሰጣቸው። እሳቸው የጠበቁት ብስክሌቱን ነበር። ምን ያድርጉ፣ በጋሪ ጭነው አመጡት፣ ግድግዳ አስጠጉት፣ ዳንቴል አለበሱት፣ ሬዲዮናቸውን ላዩ ላይ አስቀመጡ፤ በቃ።

እኔ አግብቼ ስመጣ እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ። ከታች ሁለት የእግር መርገጫ አለው። የልብስ ስፌት መኪና መስሎኝ መርፌው የቱ ጋ እንደሚገባ ስፈልግ ከርሜያለሁ። አንድ ቀን ክዳኑን ብከፍተው ነጭና ጥቁር ጥርስ ተደርድሮ ያየኛል። ደንግጬ ዘጋሁት። ልጅ ስወልድ ዳይፐርና ፓውደር ደረደርኩበት።

የሳጥኑ ነገር የተነሣውም በልጄ ነው። ሲፈን ሁለት ዓመቷን ልትደፍን ነው፤ አንድ ቃል አትናገርም። እሱስ ይሁን፣ አፉን ቶሎ የማይፈታ ልጅ ስንት አለ። ስትጠራ አትዞርም እንጂ! እኔ ደግሞ ሐሳብ የሚወደኝ ሰው ነኝ። ከኋላዋ ቆሜ ስሟን እጠራለሁ። ዝም። ድስት በጭልፋ እመታለሁ። ዝም። ድስቱ ሲበዛ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ደህና መሆናችንን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ኢንሻአላህ ትሰማለች ብለው በየሶላታቸው ዱዓ ሊያደርጉላት ቃል ገቡልኝ።

ጤና ጣቢያ ብወስዳት አዲስ አበባ ሄዳ ጆሮዋ በመሣሪያ ይታይ አሉኝ። በምን? ባሌ ደሬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነት ያወርዳል፤ ሥራ ያለበት ቀን አለ፣ የሌለበት ቀን አለ። ቤቱን በዓይናችን ዞርነው። የሚሸጥ ነገር ሳጥኑ ብቻ ነው። አማቴ የባላቸው ማስታወሻ ስለሆነ ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ ለልጅቷ ከሆነ ይሂድ አሉ።

እንግዲህ ገማች መጣ። መጀመሪያ የመጣችው በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያለች አሮጌ ልብስ በፕላስቲክ ዕቃ የምትለውጠው ሴትዮ ናት። ሳጥኑን ዞራ ዞራ አየችው፣ በጣቷ መታ መታ አደረገችው፣ ክዳን ያለው ትልቅ ሳፋ እሰጣለሁ አለች። አማቴ ተቀየሙ። ቀጥሎ አናጢው መጣ። እንጨቱን እንደ ቅቤ አሸተተ። ሁለት ኮመዲኖ ይወጣዋል፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ግን ይጣላል አለ። ሰርግ ቤት ኪቦርድ የሚጫወተው ደግሞ ሶኬቱን ፈልጎ ፈልጎ አጣው። ገመዱን ቆርጠውባችኋል ብሎን ሄደ።

በመጨረሻ ደሬ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ ይዞ መጣ። ጋሽ ወርቁ ይባላሉ። እሳቸው አልመቱትም፣ አላሸተቱትም። ወንበር ስበው ተቀመጡና መርገጫውን ረገጥ ረገጥ አደረጉ። ሳጥኑ እንደ አስም በሽተኛ ተነፈሰ። ሃርሞኒየም ይባላል፣ የሚሠራው በነፋስ ነው አሉን። አማቴም፣ ነፋስማ አዳማ ላይ መቼ ጠፍቶ አሉ። ድምፁን ለማጉላት በእግር ጉልበት የሚገፋም እንጨት አለው፤ እንዲህ ያለ ብዙ አላየሁም እያሉ ጋሽ ወርቁ ሥሩን ጎንበስ ብለው አዩት። ከፊቱ የሚጎተቱ ቁልፎች አሉ፤ የፈረንጅ ፊደል ተጽፎባቸዋል። እኔ የሬዲዮ ጣቢያ መቀየሪያ ነበር የመሰሉኝ። አንዱን አነበቡና «የሰው ድምፅ» ማለት ነው አሉን።

ዋጋውን ልጠይቅ አፌን ስከፍት ያንኑ ጎትተው አንድ ጥርስ ነኩ።

ሲፈን በሩ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታን በአባቷ ጫማ ትጫወታለች። ዞረች።

እኔ እቴ፣ ወዲያው፣ ወለሉ ነዝሯት ነው አልኩ። ጋሽ ወርቁ ጥርሱን ለቀው መርገጫውን ብቻ አንቀጠቀጡት። ሲፈን ወደ ጫማዋ ተመለሰች። ከዚያ ቀስ ብለው ድምፁ ቀጭን የሆነውን ጥርስ ነኩት፤ እኔ ራሴ ጆሮዬን አቅንቼ ነው የሰማሁት። ጫማው ከእጇ ወደቀ። ተነሥታ መጣች፣ የጋሽ ወርቁን ሱሪ ያዘች፣ ቀና ብላ «እእእ» አለች፤ ልክ በዚያው በቀጭኑ።

ደሬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አማቴ ዳንቴሉን አንሥተው ዓይናቸውን ጠረጉበት። የተናደድኩት እኔ ብቻ ነኝ። ታዲያ እኔ ስጠራት ለምን አትዞርም አልኩ። ጋሽ ወርቁ በቀን ስንቴ እንደምጠራት ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የድስቱንም ነገርኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ቀኑን ሙሉ ከኋላዬ ድስት ቢመታ እኔም አልዞርም።»

አዲስ አበባ መሄዳችን ግን አልቀረም፤ ደሬ የሚያውቀው ሹፌር ከሞጆ አሳፍሮን ሄድን። ጆሮዋ ደህና ነው አሉን። የሳጥኑን ዋጋ ጋሽ ወርቁ ከሚያውቅ ሰው ጠይቄ እነግራችኋለሁ ብለዋል፤ እስከዚያው ዳይፐር አታስቀምጡበት አሉ። ማን ያስቀምጥበታል? ቦታ የት አለ? ሲፈን ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ እሱ ላይ ናት። እግሯ መርገጫው ጋ ስለማይደርስ እኔ እረግጣለሁ፣ እሷ ትመታለች። ለምሳ ስጠራት አትዞርም። እየሰማችኝ እንደሆነ ስለማውቅ እንቅልፌን እተኛለሁ።

ትናንት አዴ ጫልቱ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ያ ሁሉ ዱዓ የሳቸው አይደል? አላህን አመሰገኑ፣ ልጅቷን መረቁ፣ ከዚያ ያቺ ልዋጭ የምትለው ሴትዮ መቼ ነው የምታልፈው አሉኝ። ኧረ ሳጥኑን አንሸጥም አልኳቸው።

«አትሽጪው» አሉኝ። «ዝም ብለሽ ስጫት። ሳፋውን እኔ ገዝቼ አመጣልሻለሁ።»