አጥብቄ ያሰርኋት ታንኳ

ሰው ስለማያውቀው ነገር ዝም ቢል ምን ይጎዳል? ምንም። ግን እስቲ ዝም የሚል አሳዩኝ! እኔን ውሰዱ። በጃንሆይ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የመንግሥት ጸሐፊ ነበርሁ። አንድ ጊዜ ምጽዋ ወርጄ መርከብ በሰንሰለት ታስሮ አይቻለሁ። ስለ ውሃ ያለኝ እውቀት ይኸው ነው። በዚህችው ግን ስንቱን ጠላ ቤት አስተምሬበታለሁ መሰላችሁ።

ያን ጊዜ አንዲት የቡሬ ልጅ ልቤን ወስዳው ነበር። አባቷ አያ ታፈረ በርበሬ አምራች ናቸው፤ ቃል አያበዙም። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ሙያዬን ቢያዩልኝ ብዬ ስመኝ፣ ጣና ላይ ላለ ገዳም ጃንጥላ ተስለው ውሃውን ፈርተው መቅረታቸውን ሰማሁ። እኔ እያለሁልዎ? ውሃ እንደሆነ የኔ ነገር ነው አልኋቸውና ይዣቸው ባሕር ዳር ገባሁ።

ባለ ታንኳው ከደንገል ቄጠማ በታሰረች አሮጌ ታንኳው አሻገረን። ደሴቱ ላይ እንደወረድን እሱ ከዓሣ አጥማጅ ጓደኛው ጋር ሊሄድ ሆነ፤ ታንኳዋን ከውሃ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡልኝ፣ አደራ አለን።

ወይ ጉድ! ታንኳ በርበሬ ነው እንዴ የሚሰጣ? አያ ታፈረ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ባለቤቱ እንዳለው ብናደርግስ ልጄ አሉኝ። እርስዎ ዝም ብለው ይዩ አልሁና ትልቅ ድንጋይ በገመድ ከኋላዋ አስሬ ውሃው ውስጥ ጣልሁ። ከፊቷ ደግሞ ከዋርካ ጋር ሦስቴ ጠምጥሜ ቋጠርኋት። ማዕበል ቢመጣ ደሴቱ ይነቀላል እንጂ እሷ ንቅንቅ አትልም!

ስለታቸውን አስገቡ። እኔም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጬ ለዲያቆናቱ ስለ መርከብ ሳስረዳ ዋልሁ። አያ ታፈረ ሁለት ጊዜ ወረድ ብለን ታንኳዋን አናይም ወይ አሉኝ። የታሰረች ታንኳ የት ትሄዳለች አልኋቸው። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት ለኔ ነበር።

እውነቴን ነበር፤ የትም አልሄደችም። ወደ ማታ ስንወርድ እዚያው ናት፣ ውሃ ውስጥ! ለካ ደንገል ፀሐይ ካላገኘ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ የኔ ድንጋይ ደግሞ ከኋላ ወደ ታች ሲጎትታት ውሏል። ባለ ታንኳው መጥቶ ሲያያት ራሱን ያዘ። ቋጠሮዬን ቢታገል ቢታገል አልፈታ አለውና ገመዱን በቢላዋ ቆረጠው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ግን ልዋሻችሁ? በቋጠሮው ትንሽ ኮራሁ። በጓደኛው ታንኳ ተሻገርን።

በወሩ ሽማግሌ ላክሁ። አያ ታፈረ በክብር ተቀበሏቸውና፣ ልጁ ሲያስር አይቻለሁ፣ አጥብቆ ያስራል፣ ካሰረ በኋላ ግን ዞሮ አያይም፤ እኔ ደግሞ ልጄን ዞሮ ለማያያት ሰው አልሰጥም ብለው ሸኟቸው።

ለአንድ የደምበጫ ሰው ዳሯት። ማሰር የሚባል ነገር የማያውቅ ሰው ነው አሉ፤ በቅሎው በሳምንት ሁለቴ ፈትታ ትጠፋበታለች፣ እሷና እሱም እየተሳሳቁ አብረው ሲፈልጉ ይውላሉ። ይህም ትዳር ሆኖ! የኔ በቅሎ ይኸውና አንድም ቀን ፈትታ ሄዳ አታውቅም፤ ብትሄድም ብቻዬን ነበር የምፈልጋት።