ታደለችን ከከበሮው የለየችው ሽቦ

እኛ ሰፈር ስፒከር የሚመዘነው በመስኮት ነው። መስታወቱ ከተንቀጠቀጠ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ጎረቤት ግድግዳ ከደበደበ ደግሞ በጣም ጥሩ ዕቃ። ሆሳዕና መናኸሪያ ወርዳችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ሻይ ቤት መዝሙር፣ ሌላው ዘፈን ይለቃል፤ መሃል ላይ ትኬት ሻጩ "አዲሳባ፣ አዲሳባ" ሲል አፉ ሲከፈት ብቻ ይታያል። እኔም እስከ ዘንድሮ ድምፅ ማለት ጉልበት ይመስለኝ ነበር። ከአራተኛ ክፍል ከወጣች ሴት ከዚህ በላይ ማን ይጠብቃል?

የቤታችን ስፒከር ቁም ሣጥን ያህላል። ባለቤቴ ነው በአናጢ ያሠራው፤ ከታች ትልቅ፣ ከላይ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለው። ሲከፈት ግን "ዱም፣ ዱም" ብቻ። ለእኔ በቂ ነበር። ለእህቴ ልጅ ለሊዲያ ግን አልበቃትም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ታናሽ እህቴ ታደለች ፎንቆ ከተማ ሳለን መዘምራኑን የምትመራ ነበረች። ሊዲያ ገና ጡት ሳትጥል ታደለች እንቅርቷን በኦፕራሲዮን አስወጣች፤ ድምፅዋም አብሮ ወጣ። እስከ ዛሬ የምታወራው በሹክሹክታ ነው። ገበያ ላይ ስትከራከር ነጋዴው ምስጢር የምትነግረው እየመሰለው ጆሮውን ያስጠጋል።

ከድሮ የቀረችልን አንዲት ካሴት ናት፤ ወደ ፍላሽ አስገለበጥናት። በእኛ ስፒከር ስትከፈት ግን ከበሮው እንደ ጎርፍ ይመጣና ታደለችን ይዟት ይሄዳል። በስልክ ቢሞከር ደግሞ ስልኩ ጢንዚዛ አደረጋት። ልጅቷ የእናቷን ድምፅ ሳታውቅ አደገች።

ሊዲያ አሁን ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ትማራለች። ቅዳሜ መጣችና ስፒከሬን ከጀርባው ፈታችው።

"አክስቴ፣ ይሄ እኮ ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ በአንድ በር ተጋፍቶ ነው የሚወጣው።"

ክሮስኦቨር የሚባል ነገር ልትሠራ ነው፤ የድምፅ ትራፊክ ፖሊስ በሉት። ከተቃጠለ ትራንስፎርመር የወጣ የመዳብ ሽቦ በልብስ ስፌቴ የክር ማጠንጠኛ ላይ ስትጠመጥም ዋለች። ጥምጥሟ ቀጭኑን ድምፅ ከትልቁ ማጉያ ትመልሳለች፤ ባቄላ የምታክል ካፓሲተር የምትባል ዕቃ ደግሞ ወፍራሙን ከትንሹ ትመልሳለች። ሞተር የለ፣ ባትሪ የለ። እኔ የሰውን ጠባይ እንኳ ለመለየት ስንት ዓመት ፈጀብኝ፤ ይቺ ሽቦ ዝም ብላ ተጠምጥማ ከበሮን ከሴት ድምፅ ትለያለች። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሠርታ ጨረሰች፤ ግን አልሞከረችውም። እናቷ በሌለችበት መስማት አልፈለገችም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰበሰብን። እኔም ለቀኑ ክብር ስፒከሩን ወፍራም ባለጥልፍ የአልጋ ልብስ ከነዘርፉ ከላይ እስከ ታች አለበስኩት። የእኛ አገር ሴት ዕቃዋን እንግዳ ፊት ራቁቱን አታቆምም።

ሊዲያ ከፈተች። ከበሮው መጣ። ከበሮው ብቻ።

"ያው የድሮው ነው" አለ ባለቤቴ፣ እያዘነ። ልጅቷ ከኋላ ሄዳ ሽቦዎቿን ነካካች። ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ "አይዞሽ" እያልኩ ዘርፉን አስተካክላለሁ።

ታደለች ተነሣች። እኔን ገፋ አደረገችና የአልጋ ልብሴን ገፈፈችው።

ወገኖቼ፣ ለካ ቀጭኑን ድምፅ ያፈነው የእኔ ጨርቅ ኖሯል፤ ድምፅዋ ወጣ። ከበሮው ከታች በእግሩ ይሄዳል፤ እሷ ከላይ፣ ጥርት ብላ፣ ትንፋሽ ስትወስድ እንኳ እየተሰማች። ሊዲያ ስፒከሩን አየች፤ ከዚያ እናቷን አየች።

"እማ፣ ይቺ አንቺ ነሽ?"

ታደለች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። መዝሙሩ እስኪያልቅ ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም። ሲያልቅ የሚያስለቅስ ነገር ትናገራለች ብለን ሁላችንም ጠበቅን፤ ቤቱ ጸጥ ከማለቱ የተነሣ ሹክሹክታዋ በር ድረስ ተሰማ።

"ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቸኩያለሁ" አለች። "እስቲ መልሺው።"

ሊዲያ እያለቀሰች፣ እየሳቀች መለሰችው። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ጆሯችንን አቆምን። እውነትም ቸኩላለች። ማን ግድ ሰጠው።