ፊሽካው የተነፋው በመስመሩ ባለቤት ላይ ነው

ዛሬ ሮቤ ላይ በማን ላይ ፊሽካ እንደተነፋ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

በእኔ!

አዎ፣ ስለ ሳይክል መስመር ፖስት እያደረግኩ ያደነቆርኳችሁ በእኔው ላይ።

ለአዲስ ፎሎወሮች ላስረዳ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሰፊው የእግረኛ መንገዳችን ላይ አንድ ሳይክል ጎረቤቴን እትዬ አስቴርን ገጭቶ ጣላቸው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች "ሳይክል ሁሉ ወደ አስፋልት ይውረድ" አሉ። የጎባ ሚኒባሶች አስፋልቱ ላይ እንዴት እንደሚበሩ ደግሞ ታውቃላችሁ።

እኔ ሥራ የምሄደው በሳይክል ነው። "መስመር እንቀባና እንለያያቸው" ብዬ ለመንኩ። የአንድ ሳምንት ሙከራ ፈቀዱልኝ። በገዛ እጄ ቀባሁ፤ ነጩ ቀለም ከጥፍሬ እስካሁን አልለቀቀም። ደንቡንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ "በሳይክል መስመር መቆም ክልክል ነው።"

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነበር። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ሐጂ ዑመር በዓይናቸው አይተው ሊወስኑ መጡ።

ከሥራ ስመለስ ከሩቅ አየኋቸው። በእግረኛው በኩል፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቀስ እያሉ።

እስቲ ፍረዱኝ። ባሌ ውስጥ ከፈረሱ ሳይወርድ ትልቅ ሰው ሰላም የሚል አለ? ሳይክልም ለእኔ ያው ፈረስ ነው።

ወረድኩ። እዚያው መስመሩ ላይ።

"አሰላሙ አለይኩም ሐጂ፣ አካም ጅርቱ? ነጋ?" ስለ ልጆቹ ጠየቅኩ፣ ስለ ከብቱ፣ ሲናና ስላለው ስንዴያቸው።

ከኋላዬ ስድስት ሳይክል ቆሟል።

ፒሪሪሪሪ!

ጋሽ ታደሰ ናቸው፣ ጡረታ የወጡት የስፖርት መምህር። መስመሩን እንዲጠብቁልኝ ፊሽካውን የሰጠኋቸው ራሴ ነኝ።

"አንቺ፣ የጻፍሽውን ማንበብ አቃተሽ?"

ስድስቱም ሳቁ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ከሀፍረቱ ይልቅ ግን መስመሩን በገዛ እጄ ላስፍቅ መሆኔ ነው ያንገበገበኝ።

ሐጂ ዑመር እኔን አዩ፣ ስድስቱን አዩ፣ ወደ እግራቸው ስር አዩ።

"ልጄ፣ ይህን ሁሉ ሰው መንገድ ዘግተሽበት አንድም ወደ እኔ በኩል አልገባም" አሉ። "መስመሩ ይቆይ።"

ሰምታችኋል? ይቆይ! የእኔ መስመር! ኩራቴን ሳይክሉ አልችል አለ።

"ሌላ ጊዜ ግን" አሉ ሐጂ፣ "እዚያው ሳይክሉ ላይ ሆነሽ እጅሽን አንሺ። እንደወረድሽ እቆጥርልሻለሁ።"

ቤት ደርሼ ለእናቴ በደስታ ነገርኳት።

"ሐጂን ሳይክል ላይ ቁጭ ብለሽ ሰላም ልትዪ?" ብላ አኮረፈችኝ።

እናንተዬ፣ በእኔና በእናቴ መካከልስ ምን ዓይነት ቀለም ልቀባ?