ግራዝማች ያልቀደሙበት ድልድይ

ክብር ከመንገድ እንደሚበልጥ ያልገባው ካለ፣ ስማዳ ወርዶ ይማር። መንግሥት በዓባይ ላይ የመኪና ድልድይ ሠራ፤ ከሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች በወረዱ የብረት ገመዶች የተያዘ፣ ወንዙ ውስጥ አንድም እግር የሌለው። ምስለኔው ግራዝማች በላይነህ ወዲያው «ከሹም ቀድሞ የሚሻገር የለም» ብለው አዋጅ አስነገሩ። ዋለ የሚባል ዘበኛም በርጩማውን ይዞ የድልድዩ አፍ ላይ ተቀመጠ።

ግራዝማች ራሳቸው ግን የመሻገሪያ ቀን አጡ። ሰኞ ሆዳቸውን አመማቸው። ረቡዕ ጾም ነው፣ እሑድ ሰንበት ነው፤ በቀሩት ቀናት ነፋስ ነበር። «እግር የሌለውን ማመን መንግሥትን መድፈር ነው» አሉ፤ ጸሐፊያቸውም መዘገበው።

ፈትለወርቅ ክፉውን ሁሉ አስቀድሞ የማየት ተሰጥኦ ነበራት። ልጇ ብርቱካን ማዶ፣ ጎጃም አግብታ ወሯ ገብቷል። ድልድዩ ይበጠሳል፤ ባይበጠስ ምጡ ይጸናባታል፤ ምጡ ቢቀል የአማቷ ገንፎ ይጓጉላል። ስለዚህ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ በአህያዋ ጭና መጣች። ዋለ እሷን ሲከለክል፣ አዋጁን ያልሰማችው አህያ አልፋ ሄደች። ገመዱም አልተበጠሰ።

ወረዳው ታመሰ። ሹምን አህያ ቀደመች አይባል ነገር። ሽማግሌ ተሰብስቦ ሲመክር ውሎ፣ አህያዋ ድልድዩን እንድትመረምር በግራዝማች የተላከች መልእክተኛ መሆኗ በማኅተም ጸደቀ።

ፈትለወርቅ እጅ ነሣች። «እንግዲያው ጌታዬ፣ መልእክተኛዎ ማዶ ብቻዋን ቆማለች። ጅብ ቢበላትስ?»

ይህስ ከባድ የመንግሥት ጉዳይ ነው። ፈትለወርቅ አጃቢ ተብላ፣ በየእርምጃው አቡነ ዘበሰማያት እየደገመች ተሻገረች። ብርቱካን በሰላም ተገላገለች፤ የምትሰጋው ያጣች እናት ደግሞ ሕፃኑ እንቅልፍ ማብዛቱ አሳሰባት።

ከዚያ ወዲህ አህያ አጅቦ ማለፍ ማኅተም የተመታበት ደንብ ሆነ። አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል የሚለው ተረት ቀርቶ፣ ባለበቅሎው ሁሉ አህያ ሲዋስ ከረመ።

አርባ ቀን ሊሞላ ሲል ከአዲስ አበባ የመጡ ትልቅ ሹም ማዶ ደርሰው ግራዝማችን አስጠሩ። ግራዝማች ካባቸውን ደርበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ዋለ እጅ ነሥቶ መንገዱን ዘጋ።

«ጌታዬ፣ አህያዎ የታለ?»

«ዋለ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«አላጣሁዎትም። የታተመው ግን አህያ ይቅደም፣ ሰው ይከተል ነው።»

ከማዶ ተመልሳ፣ አሁን ለልጅ ልጇ ክርስትና ቅቤ ጭና የቆመችው ፈትለወርቅ አዘነችላቸው። የአህያዋን ጭራ አስያዘቻቸውና፣ «ይከተሏት፣ መንገዱን ታውቀዋለች» አለች። ትልቁ ሹም ማዶ ሆነው ሲመለከቱ ግራዝማች በክብር ተጓዙ።

ፈትለወርቅ ከኋላ ሆና፣ «ብቻ እንዳትራገጥ» ብላ ሰጋች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጋችው ደረሰ።